አፋልጉኝ እና የሦስተኛው ስቱዲዮ ሰዓት

የእህቴን ባል መሥሪያ ቤቱ በሙሉ “አፋልጉኝ” ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሰውየው እዚህ ቤት ከተቀጠረ ጀምሮ የጠፋበት ሁሉ በሩን እያንኳኳ “እባክህ ፋይል ጠፍቶብኝ ነው” ይለዋል፣ እሱም ያገኝለታል። ደሞዝ ከፋይዋ አግኝታለች፣ አለቃችን አግኝቷል፣ ጥበቃው እንኳ የልጁን ፎቶ ከዚያ ከተሰነጣጠቀ ስልኩ ውስጥ አስፈልጎ አግኝቷል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁት ባይ “ኧረ ይሄ ሰውዬ ራሱ አፋልጉኝ ሆኖ አረፈው!” አልኩ። በቃ፣ ስሙ በዚያው ቀረ።

ቤታችን ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በድምፅ የሚቀዱበት ቤት ነው። ፎቅ ላይ ሦስት ስቱዲዮዎች አሉ፤ ግድግዳቸው በስፖንጅ የተለበጠ፣ አልጋ እንኳ የማያስገቡ ጠባብ ክፍሎች። አንባቢው ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጦ ያነባል፤ የእህቴ ባል ወዲህ ሆኖ ይቀዳል፣ ይቆርጣል፣ ያስተካክላል። እኔ ምድር ቤት በመስኮቷ በኩል ለአድማጮች ሲዲ አድላለሁ፣ የተቧጨረውን እቀበላለሁ፣ ስድብም እቀበላለሁ። ስድቡ በነጻ ነው።

እሱ ሲፈልግ ማየት ራሱ ትርኢት ነው። እኛ ብንሆን ማውሱን ይዘን ፎልደር በፎልደር ስንከፍት፣ ስንዘጋ፣ ስንራገም እንውላለን። እሱ አንድ ጥቁር መስኮት ይከፍታል። ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ፣ ነጭ ፊደል ብቻ። ከዚያ ወንበሩን ዘወር ያደርግና እንደ ሐኪም ይጠይቃል። “ከየት እንጀምር? ፋይል ነው ፎልደር? ከስሙ ምን ትዝ ይልሃል? ትልቅ ነው ትንሽ? መጨረሻ የነካው ማነው?” የመለሱለትን ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይደረድርና ቁልፏን ይጫናል። ማሽኑም ጓዳ ጎድጓዳውን አስሶ የፋይሉን አድራሻ ያመጣለታል።

“ስሙን ጨርሶ ከረሳሁትስ?” ብዬው አውቃለሁ።

“በረሳሽው ቦታ ኮከብ እናደርጋለን እትዬ። ኮከብ ማለት ‘ምንም ይሁን ምን’ ማለት ነው።”

“ተው እንጂ! እንግዲያ ባሌን የት አመሸህ ስለው የሚመልስልኝ ሁሉ ኮከብ ነዋ!”

ሳቀ። የሱ ሳቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ስቱዲዮ ውስጥ የኖረ ሰው እንዲያ ይሆናል። ሌላም ነገር አሳይቶኛል። ማሽኑ ሲያስስ መግባት የማይችልበት ፎልደር ካጋጠመው “አልተፈቀደም፣ አልተፈቀደም” እያለ ስክሪኑን ያጨናንቀዋል። እሱ ታዲያ መስመሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር ጣል ሲያደርግበት ያ ጩኸት ሁሉ መጨረሻ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ለአለቃችንም እንዲህ ያለ ጉድጓድ ቢገኝ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

እንዲህ ያለው ሰው ቤቱ ሲገባ ካልሲውን አያገኝም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ አልጋ ሥር ይፈልጋል። ቤት ውስጥ አፋላጊዋ ታናሽ እህቴ ነበረች።

እሷ አንባቢ ነበረች። ሥራውን ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ባሏን ያገኘችው ግን በራሷ ነው። በመስታወት ተያዩ፣ በጆሮ ማዳመጫ ተነጋገሩ፣ ተጋቡ። እኔ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም ነበር። “ይሄ ዝምተኛ ምኑ ደስ ይልሻል?” ብላት “ያዳምጠኛል” አለችኝ። እንዲህ የሚባልለት ባል ስንቷ አላት? አፌን ያዝኩ።

ድምፅዋን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሞቅ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ አጠገባችሁ ተቀምጦ እንደሚያወጋ ሰው። አድማጮች መስኮቴ ላይ መጥተው “መጽሐፉ ምንም ይሁን፣ ብቻ እሷ ያነበበችውን ስጪኝ” ይሉኛል። ስታነብ ግን እንደማንኛውም ሰው ምላሷ ይጠለፋል። ያኔ ሳቅ ትልና “ውይ፣ ተሳሳትኩ። ይሄን ቁረጠው” ትለዋለች፤ እሱም ይቆርጠዋል። ስህተቷን፣ ሳሏን፣ ውሃ የተጎነጨችበትን፣ ትንፋሿን ሳይቀር። ሥራው ሲያልቅ ጥሬ ቅጂውን ወዲያው ይሰርዘዋል። የሌሎቹን አንባቢዎች ሳል አንዳንዴ ያልፈዋል፣ የሷን ግን ቅንጣት አያልፍም። ፍቅሩን የሚገልጸው በዚያ ነበር፤ ሌላ መንገድ አያውቅም።

በሷ ሥራ ላይ አቤቱታ የመጣው አንዴ ብቻ ነው። ጡረታ የወጣ ዓይነ ስውር ዳኛ አለን፤ ስልክ ሲደውል አሁንም ችሎት ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። “አንቺ ሴትዮ!” አለኝ፤ “ሰውየው ገደል አፋፍ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ እኔም አብሬው ተንጠልጥዬ፣ አንባቢያችሁ ‘ይሄን ቁረጠው’ ትላለች! ገመዱን ነው?” ለአፋልጉኝ ስነግረው አፈረ። ምሳውን ጥሎ ወጣና ያመለጠችውን ቦታ ከዋናው ቅጂ ላይ ቆርጦ አስተካከላት። እህቴ ግን እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ከዚያ ጉሮሮዋን አመማት። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን፣ ቀጥሎ ሥራ በዝቶባት ነው አልን፣ በመጨረሻ ሐኪሙ የኛን ግምት ሁሉ አዳምጦ የራሱን ተናገረ። የድምፅ ሳጥኗ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ እሷም አትተርፍም። ልጃቸው ገና “እማ” ማለት የጀመረች ነበረች።

ሆስፒታል ልትገባ ሰሞን፣ በእረፍት ቀን፣ የባሏን ቁልፍ ተቀብላ “እትዬ፣ ልጅቷን ያዥልኝና አብረን እንሂድ” አለችኝ። መሥሪያ ቤቱ ባዶ ነበር። ሦስተኛው ስቱዲዮ ገባች፣ ማሽኑን ራሷ አበራች፣ በሩን ዘጋች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በበሩ መስታወት አየኋት። ወረቀት አልያዘችም። አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ አፏን በእጇ ትከድናለች፣ ደግሞ ታወራለች። ድምፅ አይሰማም፤ ግድግዳው የተሠራው ለዚያ ነው። ስትወጣ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቶ ነበር፣ ፊቷ ግን ሸክሙን ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

ቤት ስንደርስ “ለልጅቷ አስቀምጬላታለሁ” አለችው ባሏን። “ማንበብ ስትጀምር አሰማት። አሁን አይገባትም።”

“ምን ብለሽ ሰየምሽው?”

“አፋልጉኝ አይደለህ እንዴ? ታገኘው የለ!”

ሦስታችንም ሳቅን። አፈር ልብላ፣ ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ኦፕሬሽኑ ድምፅዋን ወሰደ፣ በሽታውን ግን ትቶት ሄደ። ከዚያ በኋላ በቆየችበት ጊዜ በእጇ ነበር የምታናግረን። “ለልጅሽ እስቲ ጻፊላት” ስላት ራሷን ትነቀንቅና ጣቷን ወደ መሥሪያ ቤታችን አቅጣጫ ትቀስራለች፤ ያለኝን ሁሉ እዚያ ተናግሬዋለሁ ማለቷ ነው። ዓመት ሳይሞላ ቀበርናት።

እሱ ፋይሉን አልፈለገውም። “የትም አይሄድ” ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነው። ድምፅዋን ሰምቶ በማግስቱ ሥራ መግባት የሚችል አይመስለውም ነበር፤ እኔም አልገፋሁትም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እሱ ከመዳብ አልቆጠረውም፤ በእጁ የያዘው ግን መስሎት ነበር።

ልጅቷ በእናቷ መጻሕፍት አደገች። ስትተኛ የእናቷ ድምፅ፣ ስትታመም የእናቷ ድምፅ። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። አንድ ቀን ፀጉሯን እየሠራኋት “አየሽ፣ እማዬ እኮ ናት የምታነብልሽ” ብላት ጥርሷ በወለቀበት በኩል ምላሷን እያሾለከች “እሷ አይደለችም፣ መጽሐፉ ነው የሚያወራው” አለችኝ። “እማዬ እኔን የምታወራኝ መቼ ነው?” ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። አባቷ “ማንበብ ስትጀምሪ” ብሏታል፤ እሷም ቃል የምትይዝ፣ እልኸኛ ናት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው አባቷ ቢሮ ነው፤ ጠረጴዛው ሥር ደብተሯን ዘርግታ። ያ ሁሉ ፋይል የጠፋበት ሰው ሲመጣ፣ አባቷ ሲጠይቅ፣ ስትሰማ ነው የምትውለው። አንዳንዴ እሱ አፉን ሳይከፍት እሷ ከጠረጴዛው ሥር ሆና “ፋይል ነው ፎልደር?” ትላለች፤ አለቃችን ሳይቀር በሳቅ ይፈርሳል።

ታዲያ በአንዱ ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን እንዳዘለች መስኮቴ ፊት ቆመችና የለጠፍኩትን “የተቧጨረ ሲዲ እዚህ ይመለሳል” የሚለውን አንዲት ፊደል ሳትስት አነበበችልኝ። ጎሽ ሳልላት ደረጃውን በሩጫ ወጣችው። “አባዬ! አነበብኩ!” ስትል ምድር ቤት ድረስ ተሰማኝ።

አባቷ መፈለግ ጀመረ።

መጀመሪያ ፉጨት ነበረው። ሻይ ይዤለት ስወጣ ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ይሮጣል። በልጅቷ ስም ፈለገ፤ የለም። በእህቴ ስም ፈለገ፤ መጻሕፍቱ ብቻ መጡ። “ልጄ” የሚለውን ከፊትም ከኋላም ኮከብ አድርጎ ፈለገ፤ የልጆች ተረት ተግተልትሎ መጣ። “ስሙን እንተወው” አለና ድምፅ የሆነውን ሁሉ አምጣ አለው፤ ስክሪኑ በጎርፍ ተሞላ። በመጠን አጣራው፣ አንድ በአንድ ከፈተው፤ የእህቴ ወሬ የለበትም።

“ቀኑን አውቀው የለ እትዬ” አለኝ። “ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት የነበረው ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት የተነካውን ብቻ አምጣ ብዬዋለሁ።”

ማሽኑ አንድም አላመጣም። ወሩን በሙሉ አለው፤ የሌላ ሰው ሥራ። ዓመቱን አለው፤ እሱም የሌላ ሰው ሥራ። ፉጨቱ ቆመ። ያን ወደ ጉድጓድ ይጥለው የነበረውን “አልተፈቀደም” እንኳ አላለፈውም፤ የአለቃችንን የይለፍ ቃል ለምኖ በሩን አንድ በአንድ አስከፈተ። ውስጡ የአለቃችን የሠርግ ፎቶ ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል ደግሞ ሌላው ሰው አይተወውም። ደሞዝ ከፋይዋ መጥታ የጠፋባትን ጠየቀችው፤ ዓይኑን ሳያሽ አገኘላት። “ኧረ ይሄ ልጅ ምን ዓይነት እጅ ነው ያለው!” እያለች በደስታ ስትወርድ ደረጃው ላይ ተላለፍን። ቆሽቴ አረረ። ለሰው ሲሆን እንዲህ፣ ለራሱ ሲሆን እንዲያ! ልጅቷም ከጠረጴዛው ሥር “አገኘኸው?” ትለዋለች፣ እሱም “ነገ” ይላታል። ነገ ሲደርስ “ዛሬ ነገ ነው እኮ” ትለዋለች።

“ያ የሦስተኛው ስቱዲዮ አሮጌ ማሽን የት ገባ?” አልኩት እኔ።

“ዕቃ ቤት ነው። ግን የነበረበትን ሁሉ ወደ አዲሱ ገልብጬ ነው የጣልኩት። እዚያ ያለው እዚህም አለ።”

“ብትገለብጥስ? ማየት ምን ይጎዳል?”

ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ጎትተን አወጣነው፣ አቧራውን በሻርፔ ጠረግኩት፣ ሰካነው። እያቃሰተ ተነሣ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ለዚያ ቀን ይሄ ብቻ ነው በጎ ነገር። እሱ በዚህኛው ላይ ሌላ ዓይነት ትእዛዝ ጻፈ። “ይሄኛው ዞሮ አያስስም” አለኝ፤ “ማሽኑ በትርፍ ጊዜው ያየውን ሁሉ በስም ይዞ የሚያስቀምጥበት ማውጫ አለው፤ ከዚያ ነው የሚያነብልን።” “ልጄ” ብሎ ጻፈና ቁልፏን ተጫነ።

አንድ መስመር መጣ። የሦስተኛው ስቱዲዮ ፎልደር፣ ከሥሩ የእህቴ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ “ልጄ ስታነቢ”።

“እሰይ!” ብዬ ጮኽኩ። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ሻዩንም ደፋሁት። እሱም በዚያ ድምፅ በሌለው ሳቁ ተንቀጠቀጠ። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጎን ለኔ አንዱን ለራሱ አደረገና ክፈተው አለው።

ማሽኑ “እንዲህ የሚባል ፋይል ወይም ፎልደር የለም” አለ።

“ምን ማለት ነው? አሁን አለ አላለንም እንዴ?”

“ማውጫው ነው አለ ያለን” አለኝ ዝግ ብሎ። “ማውጫው ድሮ ያየውን ነው የሚናገረው። ማሽኑ በርቶ ሲያድር ነው የሚታደሰው፤ ያን ቀን ሳታጠፋው ወጥታ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ በርቶ አላደረም። ስሙ ቀርቷል። ፋይሉ የለም።”

“ወዴት ይሄዳል? እግር አለው?”

ዓይኑን የስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ሰዓቱና ቀኑ የተጻፉበት ላይ ተክሎታል። እኔም አየሁት። የሚያሳየው ዓመት ልጅቷ ያልተወለደችበት፣ እነሱም ያልተጋቡበት፣ እኔም እዚህ ቤት ያልተቀጠርኩበት ዓመት ነው። “ሰዓቱ ተሳስቷል” አልኩ፤ ዝም ላለማለት ያህል ነው።

“ሁሌም ይሳሳት ነበር” አለ። ከዚያ ነገረኝ።

ማሽን ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስታውስባት ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለችው። የዚህኛው ባትሪ ሞታለች። በበራ ቁጥር ከተሠራበት ዓመት ይጀምራል። አለቃችን “በሚቀጥለው በጀት” እያለ አንዲት ባትሪ መግዛት አቃተው፤ የእህቴም ባል መጨቃጨቁን ትቶ በየጠዋቱ ከሰው ሁሉ ቀድሞ እየገባ ሰዓቱን በእጁ ማስተካከል ለመደ፣ ፊቱን እንደሚታጠብ። እህቴ የገባችው በእረፍት ቀን ነው። ሰዓቱን ያስተካከለላት ሰው የለም። ማሽኑ የሷን ቃል ሁሉ ተቀብሎ በዚያ ባረጀ ዓመት ስም አስቀመጠው።

“እሺ፣ አሮጌ ቀን ይለጠፍበት! ታዲያ ለምን ጠፋ?”

“ከቀብሯ መልስ ሥራ ስገባ የዚህ ማሽን ዲስክ ሞልቶ ጠበቀኝ” አለኝ። “ሰው ሁሉ የሙከራ ቅጂውን ያጠራቅማል። አምስት ዓመት ያልተነካውን ሁሉ ፈልገህ ሰርዝ አልኩት። በአንድ መስመር። ፈለገ፣ ሰረዘ። እትዬ፣ ይሄ ነገር ሲሳካለት ምንም አይልም። ዝም ነው የሚለው። እኔም ዝም ሲልልኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።”

“ገደልካት!” አልኩት። “ሞት የተወልንን አንተ ጨረስከው!” እሱ ግን እጆቹን ከቁልፎቹ ላይ አነሣና የሰው ዕቃ ይመስል ቀስ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው። ያኔ አንጀቴን በላው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? አለቃችን ነገ አለ፣ እሱ ነገ አለ፣ እህቴም ታገኘው የለ አለች፣ እኔም ስቄ ዝም አልኩ። ሳንቲም በምታክል ባትሪ ተበላን!

ዲስኩን ነቅሎ ዲስክ የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ወሰደው። ባለሙያው ይዞት ሰነበተና “በላዩ ላይ ብዙ ተጽፎበታል። የፈሰሰ ውሃ ነው ወንድሜ፣ አይታፈስም” ብሎ መለሰለት። በላዩ ላይ የተጻፈው ምን መሰላችሁ? ከዚያ በኋላ በዚያ ማሽን የተቀዳው ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ነው። ያነበበውም ያ አፍንጫው የታፈነ አንባቢያችን ነው። እኔ ያን ሲዲ ዛሬም ለሰው ስሰጥ እጄ ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ የእህቴን መጻሕፍት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ያዘ። ሳይቆርጠው የቀረ አንድ ነገር ቢያገኝ ብሎ ነው፤ አንዲት ሳል፣ አንዲት “ውይ”። እኔም መስኮቴ ላይ ሆኜ በአንድ ጆሮዬ ሳዳምጥ ዋልኩ። ምንም የለም! ሰውዬው ሥራውን ጠንቅቆ ሠርቶታል። በእህቴ ድምፅ የስንት ደራሲ ቃል ሞልቶ የራሷ አንድ ቃል ጠፋ። እሱ መክሳት ጀመረ፤ ካልሲውን አንዱን ጥቁር አንዱን ቡኒ አድርጎ ይመጣል፣ የሚነግረውም የለም።

አንድ ቀን የተመለሰ ሲዲ እየጠረግኩ ሳለ ዳኛው ትዝ አለኝ። ከዋናው ቅጂ ላይ ተቆርጧል፤ ዳኛው ቤት ያለውን ሲዲ ግን ማን ቆረጠው? ስልኩን አነሣሁ።

“ጋሼ፣ ያ ገመድ ያለበት መጽሐፍ... ሲዲውን መልሰዋል?”

“አልመለስኩም!” አለኝ። “ማስረጃ ነው።”

የሆነውን ነገርኩት። “አዲስ ነገር አላነበበችም ብዬ ተቀይሜያት ነበር” አለና “ልጅቷን ይዛችሁ ኑ” አለኝ።

ሦስታችንም ሄድን። ልጅቷ የትምህርት ቤት ልብሷን አውልቃ አዲሱን ለብሳ ነው የወጣችው። “እማዬን ልንሰማ ነው አይደል?” ትላለች፣ አባቷ “አዎ” ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። ዳኛው ኮት ለብሶ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ቤቱ ንጹሕ፣ ዕቃው ሁሉ ግድግዳውን ታክኮ የተቀመጠ፣ መሀሉ ክፍት ነው፤ የሚያደናቅፈው ነገር እንዳይኖር። ልጅቷን በእጁ ፈልጎ ራሷን ዳሰሳትና አጠገቡ አስቀመጣት። ሲዲዎቹን በጥፍሩ ጠርዛቸውን እየነካ ለይቶ አንዱን መዝዞ ማጫወቻው ውስጥ ከተተው።

የእህቴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሰውየው ገደል ላይ ተንጠልጥሏል፣ ገመዱ እየተተረተረ ነው፣ ድንጋይ ይንከባለላል። እና ድንገት፣ “ውይ!” ከዚያ ያቺ አጭር ሳቅ። “ተሳሳትኩ። ይሄን ቁረጠው።” ገመዱም ቀጠለ።

መጽሐፉ አይደለም፤ እህቴ ናት። ኩሽና ቆማ ሽንኩርት ስትከትፍ የማውቃት፣ የምትጨቃጨቀኝ፣ ሻርፔን ሳትጠይቅ የምትወስደው። አፋልጉኝ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

“እንደገና” አለች ልጅቷ።

ዳኛው ወደ ኋላ መለሰላት። ደግማ “እንደገና” አለች። ብዙ አስደገመችው፤ እሱም አልሰለቸም። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

“ማንን ነው የምታናግረው?”

“እኔን” አለ አባቷ።

“እኔንስ?”

ዳኛው ማጫወቻውን አጠፋው። የእህቴ ባል መጥቶ ፊቷ በርከክ አለ። ሊዋሻት ይችል ነበር፤ እኔ ብሆን እዋሻት ነበር። “ያንቺ ጠፋብኝ” አላት።

ያለቀስኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም። ያባቷ ቢሮ ያደገች ልጅ ናት፤ ነገር ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ከወንበሯ ወረደች፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመችና “እሺ፣ ከየት እንጀምር?” አለችው።

አባቷ መነጽሩን አወለቀ።

“አባዬ! ፋይል ነው ፎልደር?”

“ፋይል።”

“ከስሙ ምን ትዝ ይልሃል?”

“ልጄ ስታነቢ።”

“ትልቅ ነው ትንሽ?”

“ትልቅ ነው” አለ። “በጣም ትልቅ ነው።”

“መጨረሻ የነካው ማነው?”

ዳኛው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ልጅቷን ከዚያ ላወጣት ጃኬቷን አንሥቼ ተጠጋኋት፣ “ነይ የኔ ቆንጆ፣ እንሂድ” አልኳት፤ አልሰማችኝም። አባቷን ነው የምታየው፣ መልሱን እየጠበቀች።

“እኔ ነኝ” አለ አፋልጉኝ።

“እሰይ!” አለች ልጅቷ፣ ሁለት እጆቿን እያጨበጨበች። “እንግዲያ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ!”